ልጄ አጥርቶ አይናገርም፤ እኔና አማቴም በእሱ ተቀያይመናል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቡራዩ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አራት ዓመት ያለፈው ወንድ ልጃችንና የባለቤቴ እናት። ልጄ ወሬ ይወዳል፤ ነገር ግን ከቤተሰቡ ውጪ የሚናገረው የሚገባው ሰው የለም። «ክ» ማለት ባለበት ቦታ ሁሉ «ት» ይላል። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቱ ስታስጠራኝ መሀል ከተማ ወደምትሠራ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ወሰድኩት። እሷም ቤት የምንለማመድባቸው ወረቀቶች ሰጠችኝ። ሥዕሉ ተርኪ የሚባል ወፍ ነው፤ ልጁ አንድ ቃል አስተካክሎ ባለ ቁጥር አንድ ላባ ይለጠፍለታል። ማታ ማታ አስቀምጬ አለማምደዋለሁ። አሁን ግን ወረቀቱን ሳወጣ ገና «ተፋኝ፣ ተፋኝ» እያለ አያቱ ቀሚስ ውስጥ ይደበቃል። አማቴ «በማያውቀው ወፍ አታሰቃዪው፤ አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» ይላሉ። ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደናግራል ስለተባልኩ በኦሮምኛ እንዳያናግሩት ነግሬአቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፊታቸው ጠቁሮብኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ምላሱ ስለታሰረ ነው፣ ይቆረጥለት ትላለች። ብርድ ሲመታው ከጆሮው ፈሳሽ ከመውጣቱ በቀር ጤነኛ ነው። ባለቤቴ በነገሩ መግባት አልፈለገም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከነገርሽኝ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ መጨረሻ ላይ ጠቅሰሽ ያለፍሽው የጆሮው ነገር ነው። ከጆሮው ፈሳሽ የሚወጣ ልጅ ጤነኛ አይባልም። የመካከለኛው ጆሮ ሲመረቅዝ ወይም ፈሳሽ ሲቋጥር ድምፅ ታፍኖ ይሰማል። ልጁ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል፣ በር ሲንኳኳ ይሰማል፤ እንደ «ክ» እና «ት» ያሉ ትንፋሽ ብቻ የሆኑ ድምፆች ግን ተመሳስለው ሊደርሱት ይችላሉ። ያልለየውን ድምፅ ደግሞ ለይቶ ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የጆሮ ሐኪም ይየው፤ የመስማት ችሎታውም ይለካ። እስከዚያ ድረስ የጤና አዳም ጭማቂም ሆነ ዘይት ጆሮው ውስጥ አይንጠባጠብ።

የጎረቤትሽን ምክር ግን አትስሚ። «ት» ስንል የምላሳችን ጫፍ ተነሥቶ ከላይኛው ጥርስ ኋላ ይነካል፤ «ክ» ስንል የሚነሣው የምላስ ጀርባ ነው። ምላስ ሲታሰር የሚያዘው ጫፉ ነው። ልጅሽ «ት»ን አጥርቶ የሚል ከሆነ ጫፉ እንደ ልብ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው፤ ችግሩ የምላሱን ጀርባ ማንሣት ገና አለመልመዱ ነው። ይህን ምላጭ አያስተካክለውም። በልማድ አዋቂ እጅ የሚደረግ ቆረጣ ደግሞ ለደም መፍሰስና ለምርቀዛ ይዳርጋል።

«ክ»ን «ት» ማለት በትንንሽ ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹ አራት ዓመት እስኪሞላቸው ይተዉታል። በዚህ ዕድሜ የልጅ ንግግር ለባዕድ ሰውም ቢሆን በአብዛኛው ሊገባ ይገባል። ስለዚህ ወደ ባለሙያ መውሰድሽ ትክክል ነው፤ ይጠበቅ የሚለው ሐሳብ አያዋጣም። አማትሽ ስለ አባቱ የተናገሩትን ግን በከንቱ አትጣይው። የንግግር መዘግየት በዘር ሲወርድ ይታያል፤ ይህንን ባለሙያዋ ማወቅ አለባት።

አሁን ወደ ማታው ልምምድ ልምጣ። ልጅሽ «ተፋኝ» ሲል የሚልሽ «ከፋኝ» ነው። ገና አራት ዓመት አልፎት ስሜቱን በቃል መግለጽ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ልጆች በዚህ ዕድሜ የሚያውቁት መጮኽና መንፈራገጥ ነው። አንቺ ግን ደክሞሽ፣ ተጨንቀሽ፣ የሰማሽው የተሳሳተውን ድምፅ ብቻ ሆነ። እባክሽ ዛሬ ማታ ወረቀቱን አታውጪ። እቀፊውና «ከፋህ? እናትህ አስከፋችህ?» በይው። ትክክለኛውን ድምፅ ከአንቺ አፍ ይሰማዋል፤ ደግመህ በል አትበይው። ልጅ ቃል ሲሳሳት ማረም ማለት ይኸው ነው፦ እሱ «ትንፍ» ሲል አንቺ «አዎ፣ ክንፍ! ክንፏን ዘረጋችው» ብለሽ ወሬውን መቀጠል። ተሳስተሃል፣ እንደገና በል እየተባለ የሚያድግ ልጅ ውሎ አድሮ ዝም ማለትን ይመርጣል፤ እኔ ከአነጋገሩ ስህተት ይልቅ የምፈራው ይህንን ዝምታ ነው።

የተርኪው ወፍ ነገር አማትሽን ያስቆጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካውያን በፈረንጆቹ ኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ፣ በእኛ ኅዳር አጋማሽ ገደማ፣ የምስጋና በዓል ያከብራሉ፤ የገበታው ንጉሥ ይህ ወፍ ነው። በዚያ ሰሞን ልጆቹ በመደብሩም በትምህርት ቤቱም በቤታቸውም የሚያዩት እሱን ስለሆነ የንግግር ባለሙያዎች ልምምዱን በእሱ ዙሪያ ያዘጋጁታል። ላባ ይለጠፍለታል፣ አፉ በተቀደደ ካርቶን የቃል ካርድ ይጎርሳል፣ ከዕቃ ሥርና ከዕቃ ኋላ ተደብቆ ይፈለጋል። የላባው ጥቅም ልጁ ሳይሰለች አንዱን ድምፅ ደጋግሞ እንዲያወጣ ማድረግ ነው፤ የድብብቆሹ ደግሞ ሥር፣ ላይ፣ ውስጥ፣ ኋላ የሚሉትን ማስተማር። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ባለሙያዋን አልወቅሳትም። ነገር ግን ይህ ወፍ እዚያ የሚሠራው ልጆቹ ስለሚያውቁት ነው። ቡራዩ ላደገ ልጅ በሥዕል ብቻ የሚታይ እንግዳ ነው፤ ልጅ ደግሞ ስለማያውቀው ነገር ብዙ የሚያወራው የለውም።

ለእሱ የሚሆነው ዶሮ ነው። የእናንተ ግቢ ባይኖረው የጎረቤት ግቢ አያጣውም። ጥሬ ስትበትኑላቸው እናት ዶሮዋ በላች፣ አውራ ዶሮው በላ፣ ጫጩቶቹ በሉ ትባባላላችሁ፤ ግስ ለሴት፣ ለወንድና ለብዙ እንዲህ ሲለዋወጥ በአማርኛ ልጅ ሊለምደው ይገባል፤ ይህንን የውጭ አገሩ ወረቀት አያስተምረውም። እንቁላል ፍለጋ ውጡ፦ ቆጡ ሥር ነው? ቅርጫቱ ውስጥ? ከበሩ ኋላ? እያወቅሽ ተሳሳቺ፤ እሱ ያርምሽ። ላባ መለጠፍ ከወደደም መሬት የወደቀውን የዶሮ ላባ አጥባችሁ ለጥፉ።

ለ«ክ» ደግሞ ከ«ኩኩሉ፣ አልነጋም» የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። «ኡ» እና «ኦ» ምላስን ወደ ኋላ ስለሚስቡ «ኩ» እና «ኮ» ከ«ኪ» እና «ኬ» ይቀላሉ። መጀመሪያ አንቺ ወይም አያቱ «ኩኩሉ» እያላችሁ እሱ ተደብቆ «አልነጋም» ይበል፤ ድምፁን ደጋግሞ ይሰማል፣ ማንም አውጣው አይለውም። ቀናት ካለፉ በኋላ ተራው ይድረሰው። «ቱቱሉ» ቢልም ተደበቁለት፤ ጨዋታው አይቁም። አንዳንድ ልጅ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያ እያየ ሲጫወት ምላሱ በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሄድ «ኩ» ይቀናዋል፤ ይህንንም ሞክሩት። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ሲሰለች ተዉት።

ቀጥሎ ያለው ይከብድሽ ይሆናል። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም፤ አንዱን መከልከልም ችግሩን አያቃልለውም። አያቱ «ሉኩ» ሲሉት አንቺ «ዶሮ» ብትይው ሁለቱንም ይይዛል፤ «ሉኩ» ውስጥ እንዲያውም የሚቸግረው ድምፅ አለ። አማትሽ የልጅ ልጃቸውን በገዛ ቋንቋቸው እንዳያጫውቱ መከልከላቸው ምን ያህል እንዳሳዘናቸው አስቢው። በቤታችሁ ጊዜና ትዕግሥት ያላቸው፣ ልጁም ሲከፋው የሚሸሸግባቸው እሳቸው ናቸው። ቡና ተፈልቶ ሰው ሳይበዛ «እማማ፣ ሰው የነገረኝን ሰምቼ አስቀይሜዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። እንደ ድሮው በኦሮምኛ ያጫውቱልኝ» በያቸው። የእንቁላል ፍለጋውንም ለእሳቸው ስጪ። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮው ሲገነጠል አጠገባቸው ይቀመጥና 12ቱን ብልት፣ ፈረሰኛውን፣ መላላጫውን፣ ክንፉን እየጠሩ ያሳዩት።

ለባለቤትሽ የምለው አጭር ነው። በእናቱና በሚስቱ መካከል ዝም ማለት ገለልተኛ መሆን አይደለም፤ ሸክሙ ሁሉ አንቺ ላይ ይወድቃል። የጆሮ ምርመራውን ቀጠሮ እሱ ይያዝ፤ ልጁን ይዞ ይሂድ።

ወደ ንግግር ባለሙያዋ ስትመለሺ የምርመራውን ውጤት ያዢላት። ልጁ ከአያቱ ጋር ሲጫወት በስልክሽ ቅጂና አሰሚያት፤ በሕክምና ክፍል ከሚናገረው የበለጠ ትማርበታለች። የማታ ማታው ልምምድ እንዳስከፋውም ሳትደብቂ ንገሪያት፤ ወፉን በዶሮ እንድትተካልሽም ጠይቂያት። በአገራችን እንደ እሷ ያሉ ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ በአማርኛና በኦሮምኛ የተዘጋጀ መለማመጃም እንደ ልብ ስለማያገኙ ካንቺ የምትሰማው ለሌሎች ልጆችም ይጠቅማታል።