ጥያቄ፦ ልጅ ማስከተብ እምነት ማጣት ነው ወይ?

"መምህር እንደምን አሉ? የ2 ወር ልጅ አለኝ፣ የክትባት ቀጠሮው ደርሷል። አንዲት ጓደኛዬ ግን ጤነኛ ልጅ መርፌ ማስወጋት እግዚአብሔርን አለማመን ነው፣ ጸሎት ይበቃዋል ብላ አስፈራራችኝ። ምን ይመክሩኛል?"

መልስ፦ እህቴ እንኳንም ጠየቅሽ፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። ቀጠሮውን እንዳታሳልፊው።

"ጤነኛ ልጅ ለምን ይወጋል" ለሚለው ዘዳግም 22፥8ን ገልጠሽ አንብቢ። አዲስ ቤት ስትሠራ ሰው ወድቆ ደሙ በቤትህ እንዳይሆን ጣራው ዙሪያ መከታ አድርግ ነው የሚለው። ልብ በይ፣ ገና ማንም አልወደቀም እኮ፣ መከታ የሚሠራው ከመውደቅ በፊት ነው፣ ክትባትም እንደዛው ሰውነቱ በሽታውን ቀድሞ አውቆ እንዲጠብቀው ነው የሚያደርገው። ደግሞ መከታው ለባለቤቱ ብቻ አይደለም፣ ጣራው ላይ ለወጣው እንግዳም ነው፣ እኔን ሁሌ የሚነካኝ ይሄኛው ነው። ኩፍኝን እንይ፣ አንድ የታመመ ልጅ ያልተከተቡ ሰዎች መሃል ከገባ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል፣ እሱ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ አየሩ ላይ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። እስቲ ቅዳሴ ላይ እናቱ ደረት ላይ የተኛውን የ4 ወር ሕፃን አስቢው፣ ለኩፍኝ ክትባት ዕድሜው ገና ነው፣ በካንሰር ሕክምና አቅሙ ተዳክሞ መከተብ የማይችልም ልጅ አለ፣ እነዚህን የሚጠብቃቸው የኛ የሌሎቻችን መከተብ ነው፣ ለኩፍኝ ደግሞ ከ100 ሰው ቢያንስ 95 ያህሉ መከተብ አለበት፣ አለዚያ መከታው ክፍተት ይኖረዋል።

ጸሎቱንማ አታቋርጪ። ግን ሰይጣን ጌታን ቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አውጥቶ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ሲለው "ጌታን አምላክህን አትፈታተነው" ነው ያለው (ማቴ 4፥7)። ሲራክም ምዕራፍ 38 ላይ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ስንቱን የፈጀው ፈንጣጣ በ1980 እ.ኤ.አ ከዓለም ጠፋ የተባለው በክትባት ነው፣ እኔ ይሄን የእግዚአብሔር ቸርነት ነው የምለው።

ከመርፌው በኋላ ትንሽ ትኩሳት ሊኖረው፣ የተወጋበትም ሊያብጥ ይችላል፣ አትደንግጪ። ከባድ አለርጂ ወይ ሌላ ሕመም ካለበት ግን ለባለሙያው ቀድመሽ ንገሪ። ጓደኛሽንም አትቀየሚያት፣ ልጅ ካላት ይዛው አብራችሁ ሂዱ።