የተረከዙ ምልክት የጠፋው ከካልሲው ነው ወይስ ከእግሩ?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ስትል ጠይቃኛለች፦ «አባቴን ስትሮክ ከመታቸው በኋላ አረማመዳቸውን የምንከታተለው የእግርን ጫና የሚለካ ሴንሰር በተሰፋበት ካልሲ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይሠራ ነበር። ጥቂት ጊዜ ከታጠበ ወዲህ ግን ሲራመዱ የቀኝ ተረከዛቸው ምልክት ስልኩ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ተቀምጠው በእጄ ስጫነው ይሠራል። ሴንሰሩን ልቀይረው?»

እህቴ፣ ሴንሰሩን ለጊዜው አትንኪው። መጀመሪያ የአባትሽን እግር እናጣራ። ከስትሮክ በኋላ የእግር ፊት ቀና አልል የሚልበት ጊዜ አለ። ያኔ ተረከዝ መሬት መንካቱ ይቀርና ጣት ይቀድማል። እንዲህ ከሆነ ካልሲው ያሳየሽ እውነቱን ነው። ስለዚህ የእግሩ መጠን ከአባትሽ ጋር የሚቀራረብ ጤነኛ ሰው ያንኑ ካልሲ አድርጎ ወዲያ ወዲህ ይበል። እሱ ላይ ምልክቱ ሳይቆራረጥ ከመጣ፣ መርፌና ክሩን ትተሽ ለፊዚዮቴራፒስታቸው ደውዪ። ፊታቸው በድንገት ከተጣመመ፣ አንደበታቸው ከተሳሰረ ወይም እጅና እግራቸው እንደ አዲስ ከደከመ ደግሞ ምንም ሳትመራመሪ ሆስፒታል አድርሻቸው።

እሱም ላይ ከጠፋ ችግሩ ካልሲው ነው። በእጅ ሲጫኑት ሠርቶ በእርምጃ ከጠፋ ሴንሰሩ ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ የሚቋረጠው ጨርቁ ሲለጠጥ ነው። እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ቁርጭምጭሚት ላይ ያለችውን፣ ምልክቱን ወደ ስልኩ የሚልከው መሣሪያ ጠቅ ብሎ የሚገጥምባትን የብረት ቁልፍ ነው። ጨርቁ ይሳባል፣ ብረቱ አይሳብም። ከሴንሰሩ እስከ ቁልፏ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ክር ቁልፏ ጠርዝ ላይ እየታጠፈ ያልቃል።

መሣሪያውን ከካልሲው አላቅቂና መልቲሜትርሽን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦህም ላይ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መቋቋምን በሚለካበት ቦታ ላይ አድርጊ። አንዱን ጫፍ ቁልፏ ላይ፣ ሌላውን ሴንሰሩ አጠገብ ክሩ ላይ አሳርፊ። ቁጥሩን ከግራው ካልሲ ተመሳሳይ መስመር ጋር አወዳድሪ። ከዚያ ጨርቁን ለጠጥ ለቀቅ እያደረግሽ ተመልከቺ። ቁጥሩ ከዘለለ ወይም ጭራሽ ከጠፋ፣ ሴንሰሩ ጋ የነበረውን ጫፍ በትንሽ በትንሹ ወደ ቁልፏ አስጠጊው። ዝላዩ ከቆመ የተበላሸው አሁን ካለፍሽው ቁራጭ ውስጥ ነው። እስከ መጨረሻው ካልቆመ ቁልፏ ጋ ነው።

ቦታውን በአጉሊ መነጽር እዪው። እንዲህ ዓይነቱ ክር ብዙውን ጊዜ ብር የተቀባ ናይሎን ነው። ብሩ ተፍቆ ናይሎኑ ብቻ ሲቀር ክሩ ሳይበጠስ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ያቆማል። ለዚህ ነው በዓይን ሙሉ የሚመስል መስመር የሚያሳስተው።

ጥገናው የመርፌ ሥራ ነው። ሶልደር (በቀለጠ ብረት መበየድ) አትሞክሪ፣ ናይሎኑ ይቀልጣል። የዚያኑ ዓይነት አዲስ ክር ያዢና ከደህናው ክፍል ላይ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ደርበሽ ጀምሪ። ስፌቱ ዚግዛግ ይሁን፤ ቀጥ ያለ ስፌት ካልሲው ሲለጠጥ አብሮ አይለጠጥም። ቁልፏን ደጋግመሽ አጥብቀሽ ስፊያት። ከእሷ ቀጥሎ ግን ክሩን ትንሽ ላላ አድርጊለት። ከውስጥ በኩል የማይለጠጥ ትንሽ ጨርቅ ደርቢበት፤ ጉተታው ክሩ ላይ እንዳያርፍ እሱ ይይዘዋል። የክሩን ትርፍ ጫፍ አስጠግተሽ ቁረጪ። አንዲት የክር ጭራ ጎረቤት የክር መስመር ከነካች እግር ያልረገጠውን ረገጠ ብሎ ይመዘግባል።

ከእንግዲህ በእጅ፣ ለብ ባለ ውሃ እጠቢው። በረኪና ብሩን ስለሚበላው አይቅረበው። የልብስ ማለስለሻም ይቅር። ሳትጠመዝዢ ውሃውን በፎጣ ምጠጪና ጥላ ላይ ዘርግተሽ አድርቂ።

ከጥገናው በኋላ አፑ ላይ ልኬቱን እንደ አዲስ አስተካክዪ። አባትሽ ተቀምጠው እግራቸውን ሲያነሱ ዜሮ ይሁን፤ ከዚያ ደገፍ ብለው ይቁሙ። የጫናውን መጠን ግን ብዙ አትመኚው። የጨርቅ ሴንሰር እያደር ይዋልላል፣ ከተጫኑት በኋላም ቶሎ ወደ ቦታው አይመለስም። እኔ የበለጠ የማምነው እግሩ መሬት ላይ የቆየበትን ጊዜ ነው። በጤነኛ አረማመድ አንድ እግር ከአንዱ ዙር (መሬት ከነካበት እንደገና እስኪነካ ካለው ጊዜ) 60 በመቶ ያህሉን መሬት ላይ፣ 40 በመቶውን አየር ላይ ያሳልፋል። የደከመው እግር መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ብዙ ጊዜ ያጥራል። ስለዚህ ቀኙን ከግራው ጋር አወዳድሪ። ለፊዚዮቴራፒስቱ መዝገቡን ስታሳዪ ካልሲው የተጠገነበትን ቀን ጻፊበት፤ አለዚያ የክሩን ለውጥ የአባትሽ ለውጥ አድርጎ ሊያነበው ይችላል።