ስፕሪንክለሩን ራሴ ልዝጋው ወይ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የአውሮራ ልጅ ደወለልኝ። ቤት ከገዛ ዓመት አልሞላውም። «ጋሼ፣ ብርዱ እየመጣ ስለሆነ የሳር ማጠጫውን ስፕሪንክለር ጋራዥ ካለው መቆጣጠሪያ ሳጥን ላይ አጥፍቼዋለሁ። ይበቃል አይደል?» አለኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨርና አካባቢዋ የሰው ሳርና ስፕሪንክለር ስጠግን ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ጥያቄ ስሰማ ግን ዛሬም አንጀቴ ያራል።

የታክሲ ሹፌር የሆነ ወዳጅ አለኝ። ሌት ተቀን ሠርቶ ቤት ገዛ። ምርቃቱ ላይ ክትፏችንን በሰሃን ይዘን ግቢው ውስጥ ቆመናል። እኔ የቆምኩት ባክፍሎው አጠገብ ነው። የጓሮው ውሃ ተመልሶ ከመጠጥ ውሃ ጋር እንዳይቀላቀል የሚከለክለው፣ ግድግዳው ጋ የሚቆመው የነሐስ ዕቃ ማለት ነው። ስለ አገር ፖለቲካ ስንጨቃጨቅ አመሸን። በድግስ መሀል ስለ ቧንቧ ማን ያወራል?

ጥቅምት ገባ። እሱም ሳጥኑን አጥፍቶ ተኛ። ሳጥኑ የሚያዘው ግን ለየሳሩ ክፍል ውሃ የሚከፍቱትንና የሚዘጉትን ቫልቮች ብቻ ነው። ውሃው ግፊቱን እንደያዘ ባክፍሎው ውስጥ ቆሟል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ነሐስ ደግሞ ይህን አይችልም። ሌሊት ተሰነጠቀ። ረፋድ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው በግድግዳው ወርዶ ቤዝመንት ገባ። እሱ ሥራ ላይ ነው። ባለቤቱ ወደ ስፕሪንክለሩ የሚሄደውን ውሃ የሚያቆመው ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ አታውቅም። የሠርጋቸው አልበም ሳይቀር ራሰ።

የመጡት ሠራተኞች «ሲስተሙ በሙሉ ይቀየር» አሉት። አመናቸው፤ ክሬዲት ካርዱን ሰጠ። እኔ ስደርስ አሮጌው ቧንቧ ተቆራርጦ ተቆልሏል። እያነሳሁ አየሁት። ደህና ነበር። የተበላሸው ባክፍሎው ብቻ ነው። ምን ልበለው? «ግድ የለም፣ አዲስ ሆነልህ» አልኩት። እውነቱን ነግሬው አላውቅም። ይህን ካነበበ አሁን ያውቃል።

ሳር ማጨድ አላስተምራችሁም። ቤት በገዛችሁበት ሳምንት ዋናውን መዝጊያ ፈልጉ፤ ለቤተሰቡ ሁሉ አሳዩ። በበጋ በየወሩ እያንዳንዱን ዞን፣ ማለትም አንድ ላይ የሚጠጣውን የሳር ክፍል፣ እያበራችሁ ግቢውን በእግራችሁ ዙሩ። የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ተቀምጣችሁ ታዛላችሁ። አፑ «ጠጥቷል» ይላችኋል፤ የተሰበረው ስፕሪንክለር ግን አስፋልቱን እያጠጣ ነው። ሳሩ ሲገረጣ ደቂቃ ትጨምራላችሁ። የዚህ ሰፈር አፈር አብዛኛው ሸክላ ነው፣ ውሃ ቶሎ አይጠጣም። ባንዴ ከመልቀቅ ከፋፍላችሁ፣ በመሀል እያሳረፋችሁ ስጡት። ባዶ የቱና ጣሳ ሳሩ ላይ እዚህም እዚያም ብታስቀምጡ የትኛው ጥግ ውሃ እንደማይደርሰው ታያላችሁ። እውነት ለመናገር፣ በዚህ ደረቅ አገር ይህን ሁሉ ሳር ማብቀል አይገባኝም። ያበላኝ ግን እሱ ነው።

እና ሳጥኑን ማጥፋት አይበቃም። ዋናው ተዘግቶ በቧንቧው የቀረው ውሃ በአየር ተነፍቶ መውጣት አለበት። ግቢያችሁን ራሳችሁ እወቁት እያልኩ ነው፤ ማስነፋቱን ግን ሰው ቅጠሩ። ጎማ የምትነፉባት ትንሿ ኮምፕሬሰር አቅም የላትም። ትልቁን ተከራይቶ ከ50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ የለቀቀ ደግሞ ጥቁሩን የላስቲክ ቧንቧ ሊያፈነዳው ይችላል። ሰውዬው ሳይመጣ ብርዱ ከቀደመ ዋናውን ዝጉ፣ ባክፍሎው ላይ ያሉትን ትንንሽ መክፈቻዎች በካቻቪቴ ከፍታችሁ አፍስሱት፣ በብርድ ልብስም ጠቅልሉት። «ሁሉም ይቀየር» የሚላችሁ ካለ የተሰበረውን በዓይናችሁ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ቀጠሮ መስከረም ላይ ያዙ። ጥቅምት ላይ ስልክ የሚያነሳ የለም።