መናገር ከማይችል ሰው ጋር ለመግባባት

በሙያው ገና ጀማሪ ለሆናችሁ ልጆቼ፣

ንግግር የሌለው ወይም ጥቂት ቃል ብቻ ያለው ሰው ዘንድ ስትቀርቡ፣ ከሁሉ በፊት «አዎ» እና «አይ» የሚልበትን መንገድ ፈልጉ። አንገቱን በፈለገው ጊዜ ማዘዝ ካልቻለ የራስ ንቅናቄው አይታመንም። ወደ ላይ ማየት «አዎ»፣ ወደ ጎን ማየት «አይ» እንዲሆን ከእሱ ጋር ተስማሙና ጽፋችሁ ራስጌው ላይ ለጥፉት፤ አለዚያ ቀጣዩ ተረኛ እንደመሰለው ይተረጉመዋል። ከጠየቃችሁ በኋላ ቢያንስ 10 ሰከንድ ጠብቁ። በመሃል ጥያቄውን ከደገማችሁ፣ ያዘጋጀው የነበረው መልስ ይቋረጥበታል።

የመግባቢያ ሰሌዳ፣ ማለትም ሰውየው ቃል ወይም ሥዕል እየመረጠ የሚናገርበትን ገበታ፣ ስትሠሩ «ምግብ፣ ውሃ፣ ሽንት ቤት» ብላችሁ አትጨርሱ። እንዲህ ያለው ሰሌዳ ለአስታማሚው እንጂ ለባለቤቱ አልተሠራም። «አልፈልግም»፣ «አቁሙ»፣ «አልገባችሁም»፣ «የምፈልገው እዚህ የለም» የሚሉት አይቅሩ። የሰውነት ክፍሎች በሙሉ፣ የመራቢያ አካላት ጭምር ይግቡ፤ ጥቃት ቢደርስበት በምን ይናገራል?

ማንበብ የሚችል ከሆነ ፊደል ስጡት። 33ቱን ፊደላት በየአምስቱ ከደረደራችሁ 7 መስመር ይወጣል፤ የመጨረሻው 3 ፊደል ብቻ ይይዛል። መስመሮቹን አንድ በአንድ እየጠቆማችሁ «ይህ ነው?» በሉ፤ ከዚያ ፊደሉን፣ በመጨረሻም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፁን። «ላ» ለማለት የለ መስመር፣ ለ፣ ራብዕ ማለት ነው። 231ዱን በተራ ከመቁጠር ይልቅ ቢበዛ በ18 ጥቆማ ይደረሳል። ቃሉን ገና ሳይጨርስ ገምታችሁ አትሙሉለት፤ መገመት ካስፈለገም አስፈቅዱት።

እጁን ወይም ክንዱን ይዛችሁ ፊደል አታስጠቁሙ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቁጥጥር የተደረጉ ጥናቶች፣ በዚህ መንገድ የሚወጣው ቃል የያዡ እንጂ የተያዘው ሰው እንዳልሆነ አሳይተዋል። ያዡ ራሱ ይህን አያውቀውም፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጸድቅ፣ ሰው በመረጠው የመግባቢያ ዘዴ ሐሳቡን የመግለጽ መብቱን በአንቀጽ 21 አስፍሯል። ስለዚህ «አስቸገረ» ተብሎ ሰሌዳው ሲነጠቅ ካያችሁ፣ ወዲያውኑ አስመልሱለት። ሁለተኛ ቅጂ በፕላስቲክ አስለብጣችሁ መታጠቢያ ቤት ስቀሉ፤ ዋናው ሰሌዳም ሰውየው ሐኪም ቤት ሲሄድ አብሮት ይሂድ።