ምክንያት ያለው ሁሉ ተገቢ ነው?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት እሠራለሁ። ፖሊስ የሚይዘውን «ቴዘር» በአማርኛ ምን ልበለው? አንዳንዱ «የኤሌክትሪክ ጠመንጃ»፣ ሌላው «የኤሌክትሪክ ማደንዘዣ» ይላል። ፖሊሱ የተጠቀመው ኃይል «ጀስቲፋይድ»፣ ማለትም በሕግ ዓይን ትክክል፣ ነበር ሲባልስ «ምክንያታዊ ነበር» ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ «ምክንያታዊ» ከምትባል ቃል ጋር የቆየ ጠብ አለኝና።

ምክንያት የግዕዙ «አመክነየ» ልጅ ነው። የአማርኛው «አመካኘ» ከዚያው ቤት ወጣ፤ ነ እና የ ተዋሕደው ኘ ሆኑ እንጂ ሥሩ አንድ ነው። ስለዚህ ምክንያትና ማመካኛ ወንድማማች ናቸው። በዮሐንስ ወንጌል 15፥22 «አሁን ግን ለኃጢአታቸው ምክንያት የላቸውም» ሲል ምን ማለቱ ነው? ማሳበቢያ የላቸውም ነው። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው ተረትም እዚሁ ሥር ላይ በቅሏል። ጅቡ ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

ፖሊስም አያጣም። በ2007 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቫንኩቨር አውሮፕላን ማረፊያ ሮበርት ጄካንስኪ የተባለ ፖላንዳዊ መንገደኛ ለሰዓታት ተንከራተተ። እንግሊዝኛ አይችልም። በመጨረሻ ፖሊሶች መጡና በቴዘር ደጋግመው ነዘሩት፤ እዚያው ሞተ። ስቴፕለር አንሥቶብን ነበር አሉ። ጉዳዩን የመረመረው የብሬድዉድ ኮሚሽን ግን በ2010 ቴዘሩን መጠቀማቸው «ጀስቲፋይድ» አልነበረም ብሎ ደመደመ። ይህን «ምክንያታዊ አልነበረም» ብለው ቢያስተረጉሙት ሰሚው «እንዴ፣ ስቴፕለሩስ?» ይላል። ምክንያትማ ነበራቸው። ያልነበራቸው ሌላ ነገር ነው።

አንድ የማከብራቸው መምህር በዚህ አይስማሙም። «ምክንያታዊ ሰው ስንል አመዛዛኝ ማለታችን ነው፤ ቃሉ ከሥሩ ከራቀ ቆየ» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ሳልወድ እቀበላለሁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 በግራሃምና በኮነር ክርክር ያስቀመጠው መለኪያ «ሪዝነብል» የሚል ነው። የፖሊሱ ድርጊት የሚመዘነው በቦታው በነበረ አመዛዛኝ ፖሊስ ዓይን እንጂ ነገሩ ካለፈ በኋላ በሚገኝ ብልጠት አይደለም። ለዚህ «ምክንያታዊ» ይሁን፣ ተውኩት። «ጀስቲፋይድ» ላይ ግን አልለቅም።

ልቤ የሚፈልገው «ጸደቀ»ን ነው። «ጀስቲፋይድ» የመጣበት የላቲን ቃል ሲፈታ «ጻድቅ ማድረግ» ነው፤ የእኛም «አጸደቀ» ልክ እንደዚያው። ሮሜ 8፥33 «የሚያጸድቅ እግዚአብሔር ነው» ይላል፤ ቀጥሎም «የሚኰንንስ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የፍርድ ቤት ቋንቋ ነው፤ ማጽደቅና መኰነን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ምን ያደርጋል፣ ዛሬ የሚጸድቀው አዋጅና ችግኝ ነው። «የፖሊሱ ኃይል ጸደቀ» ቢሉ ፓርላማ የተሰበሰበ ይመስላል። እንግዲያው «ተገቢ ነበር» ወይም «አግባብ ነበረው» ይበሉ። ሁለቱም «ገባ» ከሚለው ግስ ይመዘዛሉ፤ የሚገባውንና የማይገባውን ይለያሉ።

«ኃይል»ም በዚህ ቦታ ያስቸግራል። (በነገራችን ላይ የግዕዙ «ኀይል» በብዙኃን ኀ ነው። በሃሌታው የሚጽፉትን ማስተካከል ትቻለሁ፣ ደከመኝ።) «ፖሊስ የኤሌክትሪክ ኃይል ተጠቀመ» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብቤ ጣቢያው መብራት የገባለት መስሎኝ ነበር። እኔ «ጉልበት» ይሻለኛል። ጉልበት አካል ነው፤ ጉልበተኛን ሁሉም ያውቀዋል። በ2020 ሚኒያፖሊስ ላይ ፖሊሱ የጆርጅ ፍሎይድን አንገት በጉልበቱ ሲጫን ቃሉና ድርጊቱ አንድ ሆነው አየናቸው። የሕግ ሰዎች ግን «ተመጣጣኝ ኃይል» ብለው ጨርሰውታል። ችሎት ላይ እነሱን ይከተሉ።

ወደ ቴዘር እንመለስ። «ማደንዘዣ» አይበሉ። ማደንዘዣ ጥርስ ሐኪሙ የሚወጋን ነው፤ ሕመም ያጠፋል። ቴዘር በሽቦ የታሰሩ ሁለት ቀስቶች ወርውሮ ጡንቻን ያኮማትራል፤ ያሳምማል። ቃሉ ድርጊቱን ያባብላል።

«የኤሌክትሪክ ጠመንጃ»ን ደግሞ ታሪክ ይደግፈዋል፤ ይህ ያናድደኛል። ፈጣሪው ጃክ ከቨር ስሙን ያወጣው በ1911 ከታተመ የልጆች ልቦለድ ነው። «የቶም ስዊፍት የኤሌክትሪክ ጠመንጃ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጀመሪያ ፊደሎች ተለቀሙ፣ አንድ «ኤ» ለአፍ እንዲመች ተጨመረችና ቴዘር ተባለ። ቢሆንም አልቀበለውም። በ2021 ሚኒሶታ ውስጥ አንዲት ፖሊስ «ቴዘር! ቴዘር!» እያለች ሽጉጥ ተኩሳ ዶንቴ ራይት የተባለ ወጣት ገደለች፤ በዚያው ዓመት ጥፋተኛ ተባለች። በእጅ የተምታቱትን በስም ደግመን አናምታታቸው።

የእኔ ምርጫ «ነዛሪ» ነበር። ኮረንቲ የነካው ሁሉ «ነዘረኝ» ይላል። «ቴዘር» እና «ነዘረ» ሲጠሩም ዘመዳሞች ይመስላሉ፤ አይደሉም እንጂ። አንድ ሁለት ጊዜ ጽፌው ነበር፤ አንባቢዎች ስለ ስልክ ንዝረት የማወራ መሰላቸው። ስለዚህ ስሙን «ቴዘር» ይበሉት፤ ሰዉም የሚለው ይህንኑ ነው።

ግሱን ግን ለእኔ ይተዉልኝ። «በቴዘር ነዘረው» ይበሉ። ቀስቱ ሲወረወርም፣ መሣሪያው ገላ ላይ ሲለጠፍም ያስኬዳል። «ተኮሰበት» ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ምስክሩ ስንት ጊዜ እንደተነዘረም ከተናገረ ቁጥሩን አይዝለሉት። አንዱ ንዝረት ብዙውን ጊዜ 5 ሰከንድ ነው፤ ተገቢነቱ ሲመዘን ስንቴ እንደተደጋገመ መጠየቁ አይቀርም።