የድሮውን ሃይሉክስ ሸጬ ቪጎ ልግዛ?

አንድ የሱሉልታ አባት ጽፈውልኛል። በፈረንጅ 1990 የተሠራ ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አላቸው፤ ሞተሩ 3ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ነው። ጠዋት ወተት ጭነው አዲስ አበባ ይገባሉ፣ ሲመለሱ ፉርሽካና ፋጉሎ ይጭናሉ። አሁን አሁን ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ኬላ ዳገቱን ሲይዝ ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ልጃቸው «አርጅቷል፣ ሽጠን ቪጎ እንግዛ» ይላል፤ ቪጎ ኋላ የመጣ የሃይሉክስ ሞዴል ነው። የመኪናው ሽያጭ የቪጎውን ግማሽ ብቻ ይሸፍናል፤ ቀሪው ብድር ነው።

ጋሼ፣ ለጊዜው አይሽጡ።

ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በልጧል ማለት ነው። ሞተሩ አልቆ ዘይት እየበላ ቢሆን ጭሱ ወደ ሰማያዊ ይሄድ ነበር። የእርስዎ ሞተር ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም፤ ራሱ የሳበውን አየር ብቻ ነው የሚጠቀመው። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ ሩብ ያህል ይሳሳል። ከፋብሪካ 90 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣ ሞተር እኛ ዳገት ላይ ወደ 70 ይወርዳል። ያውም የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ከሆነ ነው።

አንድ ነገር ያስታውሱልኝ። ጉልበት ይጨምራል ብሎ የናፍጣ ፓምፑን ብሎን የነካ መካኒክ አለ? እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ተነክተው ነው የሚመጡት። አየር በሌለበት ናፍጣ ቢጨመር ጭስ እንጂ ጉልበት አይሆንም። ሙቀቱ ግን ይጨምራል፤ ፒስተን የሚያቃጥለው፣ ቴስታታ (የሞተሩን ክዳን) የሚሰነጥቀው እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ይቀይሩ። ከዚያ አራቱን ኖዝል (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን) እና ፓምፑን አውርደው መለኪያ ማሽን ላለው የፓምፕ ባለሙያ ይስጡ። ቫልቩም ይስተካከል። ታይሚንግ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ ካላወቁ አብረው ይቀይሩት፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ልጅዎ ግን ዝም ብሎ አልተናገረም። ባለ 3 ሊትሩ ቪጎ በተርቦ ከ160 በላይ የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ያን ዳገት ሳያስበው ይወጣዋል። የእርስዎ መኪና ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ ነው፤ ቪጎ ከፊት ሞላ ነው ያለው፣ ወገብ አይሰብርም። ብዙዎቹ ኤቢኤስ ፍሬንና ኤርባግ አላቸው። ቤተሰብ ጭነው የሚሄዱ ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አቅልዬ አላየውም።

የኔ ፍርሃት ናፍጣው ነው። የ3ኤል ኖዝል ግፊቱ ከ100 ባር ጥቂት ሲያልፍ ይከፈታል፤ ሥራው ቀላል ነው። ቪጎ ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል። ውስጡ ያሉት ክፍተቶች ከጸጉር እጅግ የቀጠኑ ናቸው። ማደያ ሰልፍ ሲበዛ በጀሪካን የሚገዙት ናፍጣ ውኃና ቆሻሻ ካለበት የእርስዎን መኪና ያስለዋል፤ ማጣሪያ ቀይረው ይሄዳሉ። የቪጎን ኢንጀክተር (የእሱን ናፍጣ ረጪ) ግን ይገድለዋል። አራት ናቸው፤ አዲስ ሲገባ ደግሞ የእያንዳንዱ ኮድ በኮምፒውተር መሞላት አለበት። ብድር ላይ ሆነው ይህ ወጪ ቢመጣ አስቡት።

ዋጋውማ ያው ያዩት ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱን አከበደው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በጥቂት ወራት እጥፍ ሆነ። አዲሱ ሲወደድ አሮጌውንም ጎትቶ አወጣው። ለዚህ ነው የእርስዎ መኪና ዛሬም ጥሩ ብር የሚያወጣው፤ የመለዋወጫውም ዋጋ እንደዚሁ ወጥቷል። የሁለቱን መኪኖች ዋጋ ብቻ አያወዳድሩ። የአንድ ሙሉ የኢንጀክተር ሴት ዋጋ ጠይቀው ቪጎው ላይ ይደምሩበት።

ጭነቱንም ያስቡ። ሁለቱም አንድ ቶን ገደማ ይጭናሉ። ነገር ግን ገበያ ላይ የሚበዛው ደብል ጋቢና ቪጎ ነው፤ ካሶኒው ርዝመቱ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። የፋጉሎ ጆንያዎ የት ይገባል? ከፍታውም ጨምሯል፤ ሙሉ የወተት ቢዶን በየጠዋቱ የሚያነሳው የእርስዎ ትከሻ ነው።

ጥገናው ተሠርቶ ልብዎ አሁንም ቪጎ ካለ፣ ሻጩ ሞተሩን ሳያሞቀው በጠዋት ይሂዱ። በራስዎ እጅ ያስነሱት፣ ድምፁን ያዳምጡ። የቀድሞዎቹ ባለ 3 ሊትር ሞተሮች ከኢንጀክተር ሥር ያለችው የመዳብ ማኅተም ታፈስባቸዋለች። ጥቀርሻው ዘይት ውስጥ ገብቶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል፤ ተርቦውም ሞተሩም በዘይት እጦት ይሞታሉ። ማኅተሟ መቀየሯን ይጠይቁ፣ የዘይት ገንዳውም ተከፍቶ ወንፊቱ ይታይ። ሻጩ «አይከፈትም» ካለ ትተውት ይምጡ።