ከውስጥ ወደ ውጭ፦ የቪክቶሪያ ዘመንና የስቲምፓንክ ልብሶችን በቤት ውስጥ ስለ መስፋት ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁን በሙሉ አንብቤአለሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ አንዳንዱን በረጅሙ፣ አንዳንዱን በአጭሩ እመልሳለሁ። ስቲምፓንክ የምለው የቪክቶሪያን ዘመን አለባበስ ከምናብ የእንፋሎት ማሽኖች ጋር የሚያዋሕደውን ስልት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጉርድና ሸሚዝ መስፋት እችላለሁ። የቪክቶሪያ ዘመን ቀሚስ ለመስፋት ከምን ልጀምር?

እኅቴ፣ ዓመት ከመምረጥ ጀምሪ። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 ነግሣለች፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቀሚስ አንድ ዓይነት ሆኖ አልቆየም። በ1860 ገደማ ጉርዱ ዙሪያውን እንደ ደወል ተነፍቶ ነበር። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆነና ሙላቱ ሁሉ ወደ ኋላ ተሰበሰበ። ከ1877 በኋላ ለጥቂት ዓመታት ቀሚሱ ገላ ላይ ተለጠፈ፤ በ1880ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከወገብ በታች ያለው የኋላ ክፍል እንደ መደርደሪያ ቀጥ ብሎ ወጣ። በ1895 እጅጌው ፊኛ አከለ። ከዚያ ሁሉ አንድ ፎቶግራፍ ወይም አንድ የፋሽን ሥዕል ምረጪና የስፌት መኪናሽ ፊት ለፊት ለጥፊው። ጨርቅ ስትገዢም፣ ስትቆርጪም እሱን እያየሽ ይሁን።

ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ስፊ። መጀመሪያ ስስ የጥጥ የውስጥ ልብስ፣ ቀጥሎ ኮርሴት የሚሉት ከኋላ የሚታሰር ጠንካራ የወገብ መያዣ፣ ቀጥሎ ቅርጽ ሰጪው (ጉርዱን ዙሪያውን የሚነፋው ባለ ቀለበት ክሪኖሊን ወይም ከኋላ ብቻ የሚያወጣው ባስል)፣ ከላዩ የውስጥ ጉርድ፣ ከዚያ የላይኛው ጉርድ፣ በመጨረሻ ቦዲስ የሚሉት ደረትን የሚይዘው ክፍል። እያንዳንዱን ስትጨርሺ ለብሰሽው ለሚቀጥለው ተለኪ። ኮርሴት ጡትን ወደ ላይ ያነሣል፣ ወገብን ያጠብባል፣ አቋምንም ይለውጣል፤ የተነፋው ክሪኖሊን ደግሞ የጉርዱን ርዝመት ይበላል። እኔ የመጀመሪያውን ቀሚሴን የሰፋሁት ያለ ኮርሴት ተለክቼ ነበር። ኮርሴቱ ሲደርስ ደረቱ አልገጥም አለ፣ ወገቡ ተንሳፈፈ፣ የፊቱ ጠርዝ ከመሬት ተነሣ። 7 ሜትር ታፍታ (ጠንከር ያለ የሚያብረቀርቅ ስስ ጨርቅ) ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ኮርሴት ያስፈራኛል። አይጎዳም? ውስጡ የሚገባውን አጥንትስ ከየት ላምጣ?

በልክሽ የተሰፋና በልኩ የታሰረ ኮርሴት ጀርባን ደግፎ ይይዛል እንጂ አያሠቃይም። ለጀማሪ ወገብን 5 ሳንቲ ሜትር ማጥበብ ከበቂ በላይ ነው። ትንፋሽ እስከ ውስጥ መሳብ ካቃተሽ ላላ አድርጊው። የዘመኑ ሴቶች ወገባቸው ቀጭን የሚመስለው ስለ ታሰረ ብቻ አይደለም፤ ከታች ጉርዱ፣ ከላይ ትከሻውና ደረቱ ስለ ሰፋም ነው። ስለዚህ ማሰሪያውን ከማጥበቅ ይልቅ ዳሌ ላይ ጥጥ የተሞላ ትንሽ ትራስ መጨመር የበለጠ ይሠራል።

በዚያ ዘመን አጥንቱ ብረት ወይም ከዓሣ ነባሪ አፍ የሚገኝ ተጣጣፊ ነገር ነበር። ዛሬ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ሰፋ ያለ የኬብል ማሰሪያ ፕላስቲክ ይተካዋል፤ በመቀስ ቆርጠሽ ጫፉን በሞረድ አለስልሺው፣ አለዚያ ጨርቁን ይበሳል። ጨርቁ የማይለጠጥ ጠንካራ ጥጥ፣ ሁለት ድርብ ይሁን፤ ወገቡ ላይ በውስጥ በኩል ጥብጣብ ስፊበት። የኋላ ቀዳዳዎቹን በየ2.5 ሳንቲ ሜትሩ በብረት ቀለበት አጠናክሪ፤ ማሰሪያው ከ5 እስከ 6 ሜትር ይፈልጋል። ሲታሰር በሁለቱ ጠርዞች መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይቅር፤ ገጥሞ ከተዘጋ ሰፍቶሻል ማለት ነው። ይህን ሁሉ በመጀመሪያ በአቡጀዲ ሞክሪው። በአቡጀዲ ላይ የተሳሳተ መቀስ ማንንም አያስለቅስም።

ጥያቄ፦ የክሪኖሊኑን ቀለበት በምን ልሥራ?

የብረት ቀለበት ያለው ክሪኖሊን በ1856 የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያ በፊት ሴቶች በስታርች የደረቁ ብዙ የውስጥ ጉርዶች ይደራርቡ ስለ ነበር ለብዙዎች ቀለበቱ እፎይታ ነበር። በቤት ውስጥ ቀጭን የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ይሠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታችኛው ቀለበት ዙሪያ 3 ሜትር ይብቃሽ፤ ከዚያ በላይ በር አያስገባም። ቀለበቱን ከመሬት ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጊው፣ አለዚያ እግርሽ ይገባበታል። የቀለበቶቹ መስመር በጉርዱ ላይ እንዳይታይ ከላያቸው ባለ ሽንሽን የውስጥ ጉርድ ልበሺ። ከሻማና ከከሰል ምድጃ ራቂ፤ በዚያ ዘመን በክሪኖሊን ምክንያት በእሳት የሞቱ ሴቶች ነበሩ፣ የዛሬው ፖሊስተር ደግሞ ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። መርካቶ ስሄድ ምን ዓይነት ጨርቅ ልጠይቅ? ስንት ሜትርስ?

ለቀን ልብስ ጥጥ ወይም ስስ ሱፍ፣ ለማታ ልብስ ታፍታ ወይም ሐር፣ ለማስጌጫ ከፋይ። የሚያብረቀርቅ የሙሽራ ሳቲን አትግዢ፤ በፎቶ ላይ ወዲያው ያጋልጣል። ባለ 1.5 ሜትር ስፋት ከሆነ ለ1870ዎቹ ወይም ለ1880ዎቹ ሙሉ ልብስ ከ7 እስከ 8 ሜትር ያዢ፤ ገበሩ ለብቻው ነው። ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ካለሽ ትንሽ ክር መዘሽ ሳህን ላይ አቃጥዪ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ሐርና ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የመጋረጃና የሶፋ ጨርቅ ከሚሸጡት ዘንድም ጎራ በይ፤ ክብደታቸው ለባስል ጉርድ በጣም ይስማማል።

ጥያቄ፦ ቦዲሱን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሰፋሁት። እጄን ሳነሣ ሁሉም ነገር አብሮ ይነሣል፣ ደረቱም ይጨማደዳል። ምን ጎደለ?

ይህ ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ከምናውቀው ስፌት ተቃራኒ ነው። የብብቱ ቀዳዳ ሰፊና ዝቅ ያለ ሆኖብሻል። የዛሬው ፓተርን (የልብስ መቁረጫ ቅርጽ) እንዲመች ብሎ ብብትን ዝቅ ያደርጋል፤ ያኔ ግን ብብቱ ከፍ ያለና ጠባብ ነበር። ክንድ ከሥሩ ሲዞር ቦዲሱን ይዞ የማይነሣው ለዚህ ነው። ብብቱን በአቡጀዲ ሙከራው ላይ በ2 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጊና ልዩነቱን እዪ። የትከሻው ስፌትም በትከሻ አናት ላይ ሳይሆን ወደ ጀርባ ተንሸራትቶ ይቀመጥ። እጅጌው ከሁለት ቁራጭ የተሠራ፣ ክርኑ ላይ የታጠፈ ይሁን።

መጨማደዱ ደግሞ ከገበሩ ነው። የዘመኑ ልብስ ሰፊዎች እያንዳንዱን ቁራጭ በልኩ ከተቀደደ የጥጥ ገበር ጋር በእጅ አያይዘው ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ይሰፉ ነበር። ከዚያ በስፌቶቹ ላይ ትናንሽ አጥንቶች ያስገቡ ነበር። እያንዳንዱን ስፌት ወዲያው ተኩሺው፤ ካውያው ከስፌት መኪናው እኩል ይሠራል።

ጥያቄ፦ ቀለሙ ጥቁርና ቡናማ ብቻ መሆን አለበት?

በፍጹም። ያሳሳቱን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ናቸው። በ1856 ዊሊያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት የወባ መድኃኒቱን ኪኒን በቤተ ሙከራ ለመሥራት ሲሞክር ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ዓይን የሚወጋ ደማቅ ቀለም ገበያውን ሞላው። ንግሥቲቱ ራሷ ግን ባሏ አልበርት በ1861 ከሞተ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ ጥቁር ለብሳለች።

ጥያቄ፦ በስፌት መኪና መስፋት ታሪኩን ያዛባል?

አያዛባም። አይዛክ ሲንገር መኪናውን ያስመዘገበው በ1851 ነው። በየበረንዳው ልብስ ሰፊዎቻችን የሚጠቀሙበት በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ካለዎት ከእኔ የኤሌክትሪክ መኪና ይልቅ ለዘመኑ ቅርብ ነዎት። ረጃጅሙን ስፌት በመኪና፣ የሚታየውን ጠርዝ በእጅ ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ስቲምፓንክስ? ባርኔጣ ላይ የሰዓት ጥርሶች (ባለ ጥርስ ክብ ብረቶች) መለጠፍ ነው?

ቃሉ የተፈጠረው በ1987 ነው፤ ሐሳቡ «ዓለም በእንፋሎት ኃይል ብትቀጥል ኖሮ» የሚል ምኞት ነው። ታሪክን እንደ ነበረ መከተል ግዴታ ስላልሆነ ነፃነት አለ፤ ግን ያለ ምክንያት የተለጠፈ ጥርስ ያሳዝነኛል። መጀመሪያ ልብሱን የሚለብሰውን ገጸ ባሕርይ ሙያ ወስኑ። መካኒክ ከሆነ የመፍቻ ቀበቶና የቆዳ ሽርጥ፣ አብራሪ ከሆነች የበያጅ መነጽርና ቁመቱ ያጠረ ጉርድ። የፕላስቲክ ዕቃን ጥቁር ቀቡትና ሲደርቅ የነሐስ ቀለም በደረቅ ብሩሽ ጫፍ ጫፉን ብቻ ንኩት፤ ያረጀ ብረት ይመስላል። ለቆዳ ባለ ስለት የቆዳ መርፌ ግዙ፤ የተሳሳተ ቀዳዳ በቆዳ ላይ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ በአገራችን ታሪክ ላይ የተመሠረተ ስቲምፓንክ ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ሥራ በ1897 ተጀመረ፤ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። ሰርኪስ ተርዚያን ያመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መኪና፣ «ሰርኪስ ባቡር»፣ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ሄዷል። በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፅዋን በፎኖግራፍ ቀርፃ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ልካለች። ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይመጣል?

እኔ ብሰፋ የድሬዳዋ የባቡር ጥገና ሠራተኛ እሆን ነበር፦ ጥብቅ የጥጥ ሱሪ፣ ከላዩ ነጠላ በወገብ የታጠቀ፣ የቆዳ ሽርጥ፣ የመዳብ ቁልፎች። ወይም በካርቶን የተጠቀለለ የፎኖግራፍ መለከት የያዘች፣ ጥልፍ ካባ የደረበች የቤተ መንግሥት ሴት። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን አልባሳትንና መስቀልን ለጌጥ አትቁረጡ፣ አያታችሁ ያስቀመጡትን ካባም አትቅደዱ። አዲስ ጥለት ከሽሮ ሜዳ ገዝታችሁ ስፉበት።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ ጊዜም ገንዘብም የለኝም።

ሰደርያ ስፋ። ለፊቱ 1 ሜትር ጨርቅ፣ ለጀርባው የገበር ጨርቅ ይበቃል፤ ከኋላ በማጥበቂያ ቀበቶ ልኩን ታስተካክላለህ። ያለህን ነጭ ሸሚዝ አንገትጌውን ወደ ላይ አቁመህ ክራቫት የሚሉትን የአንገት ማሰሪያ እሰርበት።

ጥያቄ፦ ዝግጅቱ ሁለት ወር ቀርቶታል። የ1885 ባስል ቀሚስ ይደርስልኛል?

በየቀኑ 2 ሰዓት ካለሽ ይደርሳል። ሦስት ሳምንት ለኮርሴትና ለባስሉ፣ አንድ ሳምንት ለውስጥና ለላይ ጉርድ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለቦዲሱ ስጪ፤ የቀረው ለጌጡና ለሚበላሸው ነው። የጉርዱን ጠርዝ መጨረሻ ላይ ተዪው። ሌሊቱን ሙሉ ሰቅለሽ አሳድሪው፣ ጨርቁ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ጠዋት ኮርሴቱንና ባስሉን፣ የምታደርጊውንም ጫማ አድርገሽ ቁሚና ሌላ ሰው ከወለሉ እየለካ ጠርዙን በመርፌ ቁልፍ ይያዝልሽ።